ሱፐርቫይዘሩ ከወጣ በኋላ

አሁን የምነግራችሁ ወሬ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ሲያልፍ ሰምቼ አላውቅም። ሱፐርቫይዘር ለክፍል ምልከታ እንደሚመጣ ሹክ የተባለ ዕለት የእንግሊዝኛ መምህሩ ትምህርቱን ማዘጋጀት ትቶ ተማሪዎቹን ያዘጋጃል። ጥያቄዎቹ በዋዜማው ይነገራሉ። መልሶቹ ደብተር ጀርባ ላይ ይጻፋሉ። ማን የትኛውን እንደሚመልስ ይደለደላል። እጅ በማውጣት ላይም ስምምነት አለ፤ ሁሉም ያወጣል፤ መልሱን የያዘ ቀኝ እጁን፣ ያልያዘ ግራ እጁን። በማግስቱ መምህሩ ሲጠይቅ ክፍሉ በእጅ ይሞላል፤ እሱም ቀኝ ቀኙን እየመረጠ ይጠራል። ሱፐርቫይዘሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ "የተማሪዎች ተሳትፎ" ከሚለው ትይዩ "በጣም ጥሩ" የሚለው ላይ ምልክት ያደርግና አመስግኖ ይወጣል። በሩ ሲዘጋ እጆቹ ይወርዳሉ፤ እስከሚቀጥለው ምልከታም አይነሱም።

ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ዳር የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መምህር ይህን ያውቃል። የማነሳው አንድን ትምህርት ቤት ለመውቀስ አይደለም። ሱፐርቫይዘሮቹም ከእኛው መካከል የወጡ መምህራን ስለሆኑ ነገሩ አይጠፋቸውም። የምናገረው ለወላጆችና ከላይ ላሉ ኃላፊዎች ነው፤ ከውስጥ ያለ ሰው ካልነገራቸው የሚያዩት ቅጹን ብቻ ነውና። ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አይናገሩም። ከ60 ወይም ከ70 ተማሪ መካከል ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸው የሚሰማው አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ነው፤ እነሱም ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ ብዙውን ጊዜ የከተማ ልጆች፣ አብዛኞቹም ወንዶች። ሌሎቹ "ገባችሁ?" ሲባሉ በአንድነት "የስ ቲቸር" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥ ነው።

ለምን ሲባል ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ "ባህላችን ነው።" የገጠር ልጅ ነው፣ ታላቅ ፊት አይናገርም፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ያደገው ይባላል። መልሱ ውሸት አይደለም። በስሜን ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ያደገ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ ይቀበላል፣ እጅ ያስታጥባል፣ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፣ የትልልቆቹን ጨዋታ ያዳምጣል። ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲጠየቅም በአጭሩ መልሶ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ ያየውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው "ሰምና ወርቅ" በተሰኘው መጽሐፉ፣ የአማራ ልጅ ለታላቅ መታዘዝን እየተማረ እንደሚያድግ ጽፏል። እኛም ለመምህርነት ስንሠለጥን የሰማነው ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

እኔ ግን መልሱ ጎደሎ ነው እላለሁ። ያው ልጅ ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ሲጀመር የሚቀድመው የለም። አባቱ ሽማግሌ ፊት ቆሞ የድንበር ክርክሩን በምሳሌ እያዋዛ ሲያቀርብ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማዋል። እናቱ ለቅሶ ቤት የሟቹን ሙያ በግጥም እየደረደረች ታስለቅሳለች። ታላቅ ወንድሙ ሠርግ ላይ ይሸልላል፣ ይፎክራል። ይህ ሕዝብ በአደባባይ መናገርን ያከብራል፤ አንደበተ ርቱዕ ሰው ሲገኝ ስሙ ከወረዳ ወረዳ ይነሳል። ታዲያ ይህን ሁሉ እየሰማ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛ ክፍል ሲገባ ለምን ትንፍሽ አይልም?

መልሱን ያገኘሁት ከክፍል ውጭ ነው። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ጎብኚ ከተማዋ ውስጥ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ አስጎብኚና ስካውት ይዞ፣ ዕቃውን በበቅሎ አስጭኖ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ ይወጣል። ሰላም በነበረበት ጊዜ ቅዳሜና እሑድ በቅሎ ከሚነዱት መካከል ተማሪዎቻችን ነበሩበት። ክፍል ውስጥ ድምፁን የማላውቀው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። አንድ እሑድ ቡዪት ራስ አጠገብ በቅሎውን አቁሞ ለሁለት ፈረንጆች ስለ ጭላዳ ሲያስረዳ አገኘሁት። "ዚስ ማንኪ ኢት ግራስ። ናይት ስሊፕ ሮክ። ዳውን፣ ቬሪ ዳውን" ይላል፣ እጁን ወደ ገደሉ ዘርግቶ። ሰዋስው የሚባል ነገር የለውም። ጭላዳ ሣር እንደሚበላና ሌሊቱን ገደል ላይ እንደሚያድር ግን ለሰዎቹ በደንብ ገብቷቸዋል። ጠየቁት፤ መለሰ። እሱም መልሶ ጠየቃቸው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስሙን ስጠራው ተነስቶ ቆመ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ተቀመጠ። በኋላ ለብቻው ሳገኘው ምክንያቱን ጠየቅሁት።

"ፈረንጁ አይስቅብኝም ቲቸር" አለኝ። "ቢስቅም ነገ ይሄዳል። እነዚህ ግን እስከ 12ኛ አብረውኝ ናቸው።"

ከክፍል ውጭ ያለ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። አንድ ልጅ 9ኛ ክፍል በገባ በመጀመሪያው ወር "ቺክን" ለማለት "ኪችን" ቢል፣ ስሙ ትምህርቱን እስኪጨርስ "ኪችን" ሆኖ ይቀራል። ኳስ ሜዳ ላይ ኪችን፣ ወፍጮ ቤት ኪችን፣ በገበያ ቀን አባቱ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ኪችን። ይህን ያየ ሌላው ልጅ እጁን መሰብሰብ ይማራል። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ተማሪ ሲሳቅበት የሚሰማው፣ በእሱ ብቻ ሳይሆን በመንደሩና በአሳዳጊዎቹ እንደተሳቀ ነው። "አሳዳጊ የበደለው" መባል በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዝም ያለው ልጅ ስንፍና አላሸነፈውም፤ የቤቱን ስም እየጠበቀ ነው።

ዝም የሚሉት እነማን እንደሆኑ ደግሞ ልብ በሉ። ብዙዎቹ ከወላጅ ርቀው ደባርቅ ወይም ዳባት ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያድራሉ። በገበያ ቀን ከቤት የሚላከውን እንጀራና በሶ ይካፈላሉ፤ ስንቅ ሲያልቅ ቅዳሜን በእግር ወደ አገራቸው ይወጣሉ። የግጭ ልጆችም አሉ። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ክልል ተነስተው ደባርቅ ሲሰፍሩ፣ ልጆቻቸው ከገብስ ማሳና ከበግ ጥበቃ በአንድ ጊዜ ከተማ ክፍል ውስጥ ገቡ። የነዚህ ልጆች አማርኛ እንኳ ይሳቅበታል። አማርኛው የተሳቀበት ልጅ በእንግሊዝኛ አፉን እንዲከፍት መጠበቅ ከባድ ነው፤ እኛ ግን ያለ ምንም ማለማመጃ እንጠብቃለን።

ሥርዓቱም አላገዘንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ታሪኩም ጂኦግራፊውም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። መፍትሔው እንግሊዝኛን ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ማውረድ ነው የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 በእነ ካትሊን ሂዩ ያስጠናው ጥናት፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት በጠነከረባቸው ክልሎች የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ውጤት እንግሊዝኛን ጨምሮ የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ ማጥቆር ነው፤ ተማሪው አንዲት ቃል እንዲናገር የሚጠይቀው የለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. በአጠቃላይ ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች ከተነገሩ ወዲህ መምህሩ የሚጠየቀው ፖርሽን መሸፈኑንና ወርክሺት ማሠራቱን ነው። ልጆቹን አናግሯል ወይ የሚል የለም። ለተሳትፎ የተያዘችው ማርክስ? ማርኳ የምትሰጠው ለጸባይ ነው። የማይረብሽ፣ የማይቀር፣ ደብተሩን የሚያሟላ ልጅ ሙሉውን ያገኛል። ዓመት ሙሉ ያልተናገረ ተማሪ የተሳትፎ ማርኩ ከአሥር ዘጠኝ ሆኖ ሮስተር ላይ ሲሰፍር ያላየ መምህር የለም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም የመጣው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ የነበረችውንም ድምፅ ወሰዳት። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ነበር የሚመጣው። የፕላዝማ መምህሯ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ "ቬሪ ጉድ" ብላ መልሱን ራሷ ትናገራለች። ማንም አልመለሰም። የክፍሉ መምህር ማብራሪያ ልስጥ ሲል ስክሪኑ አይጠብቀውም። የዛሬዎቹ ወጣት መምህራን ብዙዎቹ እንግሊዝኛን የተማሩት እንደዚያ ስለሆነ፣ ተማሪን ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት መጠበቅ ለእነሱም እንግዳ ነገር ነው።

ቀጥሎ አንድ ለአምስት የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት መጣ። ሐሳቡ ደካማው ከጎበዙ እንዲማር ነበር። ክፍል ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ጎበዙ ተነስቶ ለአምስቱም ይናገራል፣ አምስቱም ማርክ ያገኛሉ። ከእኛ ተመርቀው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች የቡድን ፕረዘንቴሽን ሲሰጣቸው የሚያደርጉትም ይህንኑ እንደሆነ ሲመለሱ ያጫውቱናል።

አሁን ከአገራችን ትንሽ ራቅ ልበል። ሱዛን ፊሊፕስ የተባለች አሜሪካዊት አጥኚ ኦሪገን ውስጥ በዋርም ስፕሪንግስ የቀደምት ሕዝቦች መኖሪያ የሕፃናቱን ክፍሎች ተከታትላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በጽሑፍ፣ በ1983 በመጽሐፍ ያወጣችው ግኝት ከእኛ ክፍል የተቀዳ ነው የሚመስለው። ልጆቹ መምህሩ ስም እየጠራ በክፍሉ ሁሉ ፊት ሲጠይቃቸው ዝም ይላሉ። በትናንሽ ቡድን ራሳቸው ሲሠሩ ወይም መምህሩን ለብቻው ሲያገኙት ግን ይናገራሉ። ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ቤታቸው ሄደች። እዚያ ልጅ ሥራ የሚማረው በመጀመሪያ አይቶ፣ ቀጥሎ ሰው በሌለበት ሞክሮ፣ ሲበቃ በአደባባይ አሳይቶ ነው። ትምህርት ቤቱ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው፤ ሳይለማመዱ በሰው ፊት አቆማቸው። ችግሩ ባህሉም ቋንቋውም ላይ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ባህሉ ያዘጋጀውን መወጣጫ ዘሎ ነው ልጆቹን ላይ ያወጣቸው።

ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ቅኔ ቤት ነው። የጎንደር ምድር የአብነት ትምህርት ቤት አገር ነው፤ ከእኛ ተማሪዎች መካከልም ዳዊት የደገሙ፣ ከየኔታ እግር ሥር የተቀመጡ አሉ። ሰዎች የአብነት ትምህርት ቤትን ሲያነሱ ልጅ እየተወዛወዘ የሚያነበንብበት ቦታ አድርገው ብቻ ይስሉታል። ቅኔ ቤት ግን ተማሪ በየቀኑ የራሱን አዲስ ነገር ፈጥሮ የሚናገርበት ጉባኤ ነው። ተማሪው ቀን ላይ ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ቅኔ ይቆጥራል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ስምንት ቤት መወድስ አይጠየቅም። የቆጠረውን ከእሱ ለበሰለ ተማሪ ያሰማል። ከዚያ ነው መምህሩ ፊት የሚቀርበው። መምህሩ ያርሙታል፤ የተበላሸው ይቃናል፤ በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። መታረም የዕለት ተግባር ስለሆነ ማንም በእርማት ቅጽል ስም አያወጣለትም። እንግዲህ ባህላችን በሰው ፊት መናገርን ብቻ ሳይሆን በሰው ፊት መሳሳትንም ሥርዓት አበጅቶለት ነበር። ያንን ሥርዓት የእንግሊዝኛ ክፍላችን አልወረሰውም።

ከዚህ በኋላ እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ አንድ ነገር ሞከርን። ለማንም ሪፖርት ያላደረግነው፣ በሌሰን ፕላናችንም ላይ ያልጻፍነው ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲያዘጋጅ እንነግረዋለን፤ ስለ ፈለገው ነገር፣ ስለ በጉም ስለ ውርጩም። መጀመሪያ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ብቻውን እየተመላለሰ ይለዋል። ቀጥሎ ለአገሩ ልጅ፣ ከአንድ ቀበሌ ለመጣ ጓደኛው ያሰማል። ከዚያ ከላይ ክፍል ለመጣ አንድ ጎበዝ ተማሪ ያሰማል፤ ይህን ጎበዝ ልጆቹ ራሳቸው "አስነጋሪ" ብለው ጠሩት። በአራተኛው ቀን በክፍሉ ፊት ይቆማል። እየተናገረ ማንም አያርመውም። ሲጨርስ መምህሩ የታረመውን አንድ ጊዜ ይለዋል፤ ክፍሉም በአንድነት ይከተላል። ስህተቱ የዚያ ልጅ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ትምህርት ይሆናል።

ዓርብ ዓርብ እንቆቅልሽ ጨመርንበት፣ በእንግሊዝኛ። እንቆቅልሽ የራሱ ሕግ አለው፤ ያልፈታ አገር ይሰጣል። መልሱን ያጣው ልጅ "አይ ጊቭ ዩ ዳባት" ይላል፣ ጠያቂው ዳባትን ይቀበላል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሳቅ ጨዋታው ውስጥ ስላለ አያቆስልም። አለማወቅም ዋጋው የታወቀ ስለሆነ አያሳፍርም፤ አንድ አገር ሰጥቶ መገላገል ነው። ያ በቅሎ ነጂ ልጅ ክፍል ውስጥ ድምፁን ያሰማው በዚህ ነው። ጠያቂ ሆኖ ሊማሊሞን፣ ደባርቅንና ጎንደርን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ሁሉም ተናጋሪ ሆኑ አልልም። ዓመቱን በዝምታ የጨረሱ ነበሩ። በ70 ተማሪ ክፍል ውስጥ ሁሉም በክፍሉ ፊት እስኪቆም ሳምንታት ይወስዳል፤ ፖርሽን ወደ ኋላ ይቀራል፤ የዲፓርትመንት ተጠሪው ይቆጣል፤ ቁጣውም ከበላይ የመጣ ነውና አይፈረድበትም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲገባ መጽሐፉ እንኳ ለሁሉም አልደረሰም ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከፊት ወንበር ውጭ የነበሩ ድምፆች ግን ተሰሙ፤ ለእኔ ከሮስተሩ የበለጠ የሚታመን ማስረጃ ይህ ነው።

የሴቶቹ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። ወንዱ የሚፈራው ሳቁን ነው፤ ሴቷ ግን ስሟን ትፈራለች። ጮክ ብላ የተናገረች፣ ከወንድ ጋር የተከራከረች ልጅ "ዓይን አውጣ" ትባላለች። ቃሉ ከክፍል ወጥቶ እናቷ ጆሮ ከደረሰ ትምህርቱን አስጥሎ ወደ ትዳር ሊወስዳት ይችላል። ስለዚህ መልሱን እያወቀች ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ ትነግራለች፤ ጎረቤቷ ወንድ ከሆነ እጁን አውጥቶ እሱ ይመልሰዋል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ምስጋናውም ለእሱ ይደርሳል። በጽሑፍ ፈተና ከእሱ የምትበልጥ ሆና ሳለ። እዚህም ላይ "ባህል ነው" የሚለው መልስ ይመጣል። ለዚህ መልስ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አነሳለሁ። ጎጃም ጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን የቅኔ ተማሪዎች ሲያርሙ የኖሩ ዓይነ ስውር ሴት ነበሩ። እዚያ ጉባኤ ላይ የሴት ድምፅ ዕውቀት እንጂ ድፍረት አልተባለም። ሴት ተማሪዎቻችን መጀመሪያ ለሴት አስነጋሪ ሲያሰሙ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው በክፍሉ ፊት ሲቆሙ፣ ሻርፑ ቀስ በቀስ ከአፍ ይወርዳል። እናቶችን ለወላጅ ቀን ጠርቶ ልጃቸው ስትናገር ማሰማትም ይረዳል። ጉዳዩ እንግሊዝኛ መሆኑ ሳይሆን ልጃቸው በሰው ፊት ቀና ብላ መቆሟ ነው የሚገርማቸው።

በመጨረሻ፣ ከባህል ጋር ምንም የማይገናኝ ዝምታም አለ፤ እኛ ግን ከሌላው ጋር አንድ ላይ ቀላቅለነዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የደባርቅና የዳባት ትምህርት ቤቶች ተፈናቃይ ያደረባቸው ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተከፈቱትም ልጆቻቸው ተበትነዋል። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስለምደው ስለ ቤተሰብ መናገርን ነው፤ አባትህ ምን ይሠራል፣ ስንት ወንድም አለህ፣ ቤትህን ግለጽ። ከጦርነቱ በኋላ ይህን ጥያቄ ጠይቆ ክፍሉ ሲደርቅበት ያየ ባልደረባዬ መጽሐፉን ዘግቶ ስለ ዝናብ ጠየቃቸው። እንዲህ ያለውን ዝምታ በተሳትፎ ማርክ መቅጣት ግፍ ነው።

የምልከታ ቅጹን የምታዘጋጁ የዞንና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ ይህ ልመና ለእናንተ ነው። "የተማሪዎች ተሳትፎ" የሚለውን ረድፍ አውጡትና በቦታው ሁለት ጥያቄ አስገቡ፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረ ተማሪ ማን ነው? ከመናገሩ በፊት የት ተለማመደ? መምህሩ ለሁለተኛው መልስ ካለው፣ ፖርሽን ቢጎድልበት አትቅጡት። የምትመጡበትንም ቀን አታስነግሩ።